ያለ ፍርድ የተዘጋ አንደበት፤ የንግግር እገዳ ታሪክና የ1954 ዓ. ም. የኮልፌ እንግዳ

፩፤ መግቢያ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ምሳሌ በኢትዮጵያ ተሟጋቾች ዘንድ እጅግ የታወቀ ነው። ትርጓሜውም ግልጽ ነው። በቅሎ በዋጋዋ ከጭብጦ አብልጣ ትገኛለች፤ ነገር ግን ባለቤቷ ተጠርቶ፣ ቃሉን ሰጥቶ፣ ተከራክሮ ተረትቶ ከተወሰደችበት ያዝናል እንጂ አይበደልም። ጭብጦዋ ግን ምንም ትንሽ ብትሆን፣ ሳይጠየቅና ሳይሰማ ከእጁ ከተነጠቀች ስታንገበግበው ትኖራለች። ምሳሌው የሚመዝነው የጠፋውን ነገር ብዛት ሳይሆን የጠፋበትን መንገድ ነው።

ለሰው ከንብረቱ ሁሉ ይልቅ የሚቀርበው አንደበቱ ስለ ሆነ፣ ይህ ምሳሌ ስለ አንደበትም ሊነገር ይችላል። አንድን ሰው «ይህን አትናገር፤ ይህን አትጻፍ» ብሎ ማገድ በጥንቱም ሆነ በዛሬው ዘመን በብዙ አገር የሚገኝ ሥልጣን ነው። አንዳንድ ጊዜ እገዳውን የሚሰጠው ዳኛ ነው፤ በፊቱ ያለው ክርክር እንዳይበላሽ፣ ወይም ያልተረታ ሰው ስም እንዳይጎድፍ በማሰብ ባለጉዳዮች፣ ጠበቆችና ጋዜጦች ለጊዜው ዝም እንዲሉ ያዝዛል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እገዳውን የሚሰጠው ሹም ነው፤ ማንንም ሳይጠራና ምክንያቱን ሳይገልጥ በፊርማው ብቻ የሰውን አፍ ይዘጋል። የታገደው ሰው በሁለቱም ዝም ስለሚል እገዳዎቹ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ሆኖም በመካከላቸው ያለው ልዩነት በምሳሌው እንደ ተነገረው እንደ በቅሎዋና እንደ ጭብጦዋ ነው።

ይህን ልዩነት በጉልህ የሚያሳይ አንድ ታሪክ በአዲስ አበባ ምዕራብ ዳር፣ በኮልፌ ይገኛል። ከዚህ በታች በመጀመሪያ የአገሩ ልማድ ስለ እገዳ የነበረው አሳብ ይታያል፤ ቀጥሎም በ1954 ዓ. ም. ወደ ኮልፌ የመጣው እንግዳ በአገሩ የደረሰበት እገዳ፣ በመጨረሻም ዳኞች ራሳቸው ስለሚሰጡት የዝምታ ትእዛዝ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ይመረመራል። ልዩ ምልክት ካልተደረገበት በቀር ዘመኑ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

፪፤ «በሕግ አምላክ»፤ የቀድሞው እገዳ ጠባይ

በቀድሞው ሥርዓት እገዳ መስጠት የዳኛ ብቻ ሥራ አልነበረም። በደል የደረሰበት ወይም ሊደርስበት የተቃረበ ማንኛውም ሰው ባላጋራውን «በሕግ አምላክ» ብሎ ሊያቆመው ይችል ነበር። እንደየዘመኑም በንጉሡ ስም፣ ለምሳሌ «በምኒልክ አምላክ»፣ ይባል ነበር። ይህ ቃል የተጠራበት ሰው እጁን ሰብስቦ፣ አፉን ገትቶ መቆም ነበረበት፤ ቃሉን መጣስ የተጠራውን ንጉሥና ሕግ እንደ መድፈር ይቈጠራልና። ዛሬም በገበያና በመንገድ ጠብ ሲነሣ «በሕግ አምላክ» የሚለው ቃል ይሰማል፤ ጠበኞችም ሲሰሙት ቆም የሚሉበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሊስተዋል የሚገባው የዚህ እገዳ ዕድሜ ነው። ቃሉ የሚያግደው እስከ ዳኛ ድረስ ብቻ ነው። ያገደውም የታገደውም ነጠላቸውን ተቋጥረው ወይም በቁራኛ ተሳስረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፤ የተሾመ ዳኛ በቅርብ ባይገኝ፣ የመንገድ ዳኛ ተብሎ አላፊ አግዳሚው ሽማግሌ ይለመንና በዛፍ ጥላ ሥር ነገራቸውን ይሰማል። ስለዚህ «በሕግ አምላክ» አፍ የሚዘጋ ቃል ቢመስልም፣ ፍጻሜው ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩበት ሸንጎ ነው።

በሸንጎውም ውስጥ ንግግር የተከበረ ቦታ ነበረው። በበላ ልበልሃና በተጠየቅ ሥርዓት ተሟጋቹ ዘንጉን ይዞ፣ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ነገሩን በምሳሌና በቅኔ እያዋዛ ያቀርባል፤ ባላጋራውም ተራውን ጠብቆ ይመልሳል። ተራ ሳይደርስ መናገር ያስቀጣል፤ ተራ የደረሰውን ማቋረጥም እንዲሁ። የከፍተኛው ዳኛ የማዕርግ ስም «አፈ ንጉሥ» መባሉም በአጋጣሚ አይደለም። ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስቴር የተሰጠው ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ነበር። ፍርድ የአፍ ሥራ ነው፤ የሚፈረደውም አፍ ለአፍ ተሰምቶ ነው ማለት ነው።

ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ሲጠፋ የሚደረገው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ደግሞ የእገዳ ተቃራኒ ነው። የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ፣ ወንጀለኛው እስኪገለጥ ድረስ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ይደረጋል። ነገሩን የሚያውቅ ሰው በግልጥ ለመናገር ቢፈራ «ወፍ» በሚል ስም ተሸፍኖ ይናገራል። እዚህ ላይ ሥርዓቱ የሰወረው የተናጋሪውን ስም ነው፤ ቃሉ ግን ወጥቷል።

ቤተ ክርስቲያንም በበኩሏ ግዝት አላት። የነፍስ አባት ወይም ጳጳስ አንድን ሰው ከአንድ ነገር እንዲታቀብ ሲገዝተው እገዳው ብርቱ ነው፤ ይሁን እንጂ የገዘተ ይፈታል፣ የተገዘተም ንስሐ ገብቶ ፍትሐት ያገኛል። በእነዚህ ልማዶች ሁሉ አንድ የጋራ ጠባይ ይገኛል፤ ይኸውም እገዳ ሁሉ መውጫ በር ያለው መሆኑ ነው።

ይህ ሲባል የቀድሞው ዘመን ለተናጋሪ ሁሉ የተመቸ ነበር ማለት አይደለም። ነገሥታቱን የዘለፈ ሰው የሚደርስበት ቅጣት ከባድ ነበር። ነገር ግን ያለ ፍርድ አፍ መዝጋት ምን እንደሚመስል አገሩ በሙሉ ያየው በጠላት ዘመን ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ ከተፈጸመው እልቂት ቀጥሎ፣ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ባሕታውያን ወሬና ትንቢት ይነዛሉ ተብለው እየታደኑ ተገደሉ። ክስ አልቀረበባቸውም፤ ቃላቸውም አልተሰማም። ወንጀላቸው የሰው ጆሮ ማግኘታቸው ብቻ ነበር።

፫፤ በደቡብ አፍሪቃ የወጣው እገዳ

ጠላት ከኢትዮጵያ ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በአፍሪቃ ደቡብ ጫፍ የንግግር እገዳ እንደ መደበኛ የአስተዳደር ሥራ ተደራጀ። በ1942 ዓ. ም. (በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1950) የደቡብ አፍሪቃ ምክር ቤት ኮሙኒዝምን ለማጥፋት በሚል ርእስ አንድ ሕግ አወጣ። ሕጉ ለኮሙኒዝም የሰጠው ትርጓሜ እጅግ የሰፋ ስለ ነበር፣ የዘር ልዩነት አስተዳደርን የሚቃወም ሁሉ በውስጡ ሊወድቅ ይችል ነበር። በዚህ ሕግ መሠረት የፍትሕ ሚኒስትሩ አንድን ሰው ከስብሰባ ሁሉ ማገድ፣ ከአንድ አውራጃ እንዳይወጣ ማድረግ፣ ከማኅበሩም እንዲሰናበት ማዘዝ ይችላል።

ወጣቱ ጠበቃ ኔልሰን ማንዴላ የመጀመሪያው እገዳ የደረሳቸው በ1945 ዓ. ም. ነው። ለስድስት ወር ከዮሐንስበርግ እንዳይወጡ፣ በማናቸውም ስብሰባ እንዳይገኙ፣ በአንድ ጊዜም ከአንድ ሰው በላይ እንዳያነጋግሩ ተከለከሉ። ክልክሉ በፖለቲካ ስብሰባ ብቻ የተወሰነ ስላልነበረ፣ የገዛ ልጃቸው የልደት በዓል እንኳ በክልክሉ ውስጥ የሚወድቅ ሆነ። በዚያው የኤውሮፓ ዓመት፣ በ1953፣ የሁለት ዓመት እገዳ ተጨመረባቸው። መስከረም 11 ቀን 1946 ዓ. ም. በትራንስቫል ለተሰበሰበው የአፍሪቃ ብሔራዊ ኮንግረስ ጉባኤ ያዘጋጁትን የፕሬዚዳንትነት ንግግር ራሳቸው ሊያነቡት ስላልቻሉ ሌላ ሰው አነበበላቸው። በ1948 ዓ. ም. ደግሞ ሦስተኛ እገዳ መጣ፤ ዘመኑም አምስት ዓመት ነበር።

በዚህ መካከል አንድ ትልቅ የሕግ ክርክር ተነሣ። ንግዌቬላ የተባሉ ሰው እገዳውን ጥሰው በስብሰባ ተገኝተዋል ተብለው በተፈረደባቸው ጊዜ ነገሩን እስከ ይግባኝ ሰሚው ከፍተኛ ችሎት አደረሱት። ችሎቱም በ1946 ዓ. ም. በሰጠው ውሳኔ፣ «ሌላውንም ወገን ስማ» የሚለው የጥንት የሮማውያን ደንብ በሚኒስትሩም ላይ እንደሚጸና፣ ስለዚህም ሰውን ሳይሰሙ የሚሰጥ እገዳ ዋጋ እንደሌለው ፈረደ። ይህ ውሳኔ ከ«በሕግ አምላክ» ሥርዓት ጋር በአሳብ የሚገናኝ ነው። ዳግመኛም የምሳሌውን ባለ ጭብጦ ያስታውሳል፤ ዳኞቹ ያሉት «አታግዱ» ሳይሆን «ሳትሰሙ አታግዱ» ነበርና። ነገር ግን ምክር ቤቱ ብዙ አልቆየም። በዚያው ዓመት ሕጉን አሻሽሎ፣ ሚኒስትሩ የሚታገደውን ሰው አስቀድሞ የመስማት ግዴታ እንዳይኖርበት ደነገገ። በፍርድ ተከፍቶ የነበረው በር በዐዋጅ ተዘጋ።

በ1953 ዓ. ም. መጋቢት ወር የማንዴላ ሦስተኛ እገዳ ጊዜው አለቀ። መንግሥት ለማደስ ሳይደርስ እሳቸው መጋቢት 16 ቀን በጀመረው የፒተርማሪትስበርግ ጉባኤ ተገኝተው ከብዙ ዓመታት በኋላ በአደባባይ ተናገሩ። ከዚያም ከቀናት በኋላ፣ መጋቢት 20 ቀን፣ በ1949 ዓ. ም. 156 ሰዎች ተይዘው የተጀመረው የአገር ክሕደት ክስ ለእሳቸውና ለቀሩት ተከሳሾች በነጻ መለቀቅ ተፈጸመ። ማንዴላ ግን ወደ ቤታቸው ሳይመለሱ ተሰወሩ። ማኅበራቸው ከ1952 ዓ. ም. ጀምሮ የታገደ ስለ ነበር፣ ከዚህ በኋላ በአገራቸው በሕግ ሊናገሩ የሚችሉበት አደባባይ አልነበረም።

፬፤ ኮልፌ በ1954 ዓ. ም.

ዛሬ ኮልፌ ቀራንዮ ከአዲስ አበባ ክፍላተ ከተማ አንዱ ሆኖ፣ አየር ጤናንና ቤቴልን የመሳሰሉ ሰፋፊ ሠፈሮችን ይዞ ወደ ወጨጫ ተራራ አቅጣጫ ተዘርግቷል። ከስሙ ሁለተኛው ክፍል፣ ቀራንዮ፣ ከመጽሐፍ የመጣ ነው፤ የራስ ቅል ስፍራ ማለት ሆኖ የጎልጎታ ሌላ ስሙ ነው፤ በዚያ ያለውም ቤተ ክርስቲያን መድኃኔ ዓለም ነው። በ1954 ዓ. ም. ግን ኮልፌ የከተማው ዳርቻ ነበር። የታወቀውም ፈጥኖ ደራሽ የሚባለው የፖሊስ ሠራዊት ሠፈር ስለ ነበረበት ነው።

ማንዴላ በ1954 ዓ. ም. ጥር ወር ያለ ይለፍ ወረቀት በቤችዋናላንድ አድርገው ከአገራቸው ወጡ። ጉዟቸው ወደ አዲስ አበባ ነበር። ከካርቱም በኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሲሳፈሩ ነጂው ጥቁር ሰው መሆኑን አይተው እንደ ደነገጡ፣ ወዲያውም በድንጋጤያቸው እንዳፈሩ በኋላ በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እገዳ የሰውን አፍ ብቻ ሳይሆን ይቻላል ብሎ የሚያስበውን ነገር ወሰን ጭምር እንደሚያጠብብ ያሳያል።

በጥር መጨረሻ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪቃ የነጻነት ንቅናቄ ጉባኤ በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ የከፈቱትም ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ማንዴላ በዚያ ተነሥተው ስለ አገራቸው ሁናቴ ተናገሩ። በዮሐንስበርግ ከአንድ ሰው በላይ እንዳያነጋግሩ ተከልክለው የነበሩት ሰው፣ በአዲስ አበባ ከብዙ አገር ለተሰበሰቡ መልእክተኞች ቃላቸውን አሰሙ። ያን ጊዜ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪቃ ጉዳይ በ1953 ዓ. ም. በደቡብ አፍሪቃ ላይ ክስ መሥርተው በሄግ ፍርድ ቤት ይሟገቱ ነበር።

ከጉባኤው በኋላ ማንዴላ የአፍሪቃን አገሮች ዞረው፣ ሎንዶንንም ጎብኝተው ተመለሱና በክረምቱ መግቢያ በኮልፌ የጦር ትምህርት ጀመሩ። ትምህርቱ ለስድስት ወር የታሰበ ነበር፤ የጠመንጃና የሽጉጥ ተኩስ፣ የፈንጂ አያያዝ፣ የረጅም ርቀት ጉዞ ይገኙበታል። ስለ ጦር አመራር ትምህርት ይሰጧቸው የነበሩት ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ናቸው። ኮሎኔሉ በ1953 ዓ. ም. ታኅሣሥ በተነሣው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ጊዜ ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን የቆሙ የፖሊስ መኮንን ነበሩ።

እንግዳው በአዲስ አበባ ባሉበት ሰሞን በአገራቸው ሌላ ሕግ ወጣ። ሰኔ 20 ቀን 1954 ዓ. ም. በሥራ ላይ የዋለው የጠቅላላ ሕግ ማሻሻያ፣ በተለምዶ «የሳቦታጅ ሕግ» የተባለው፣ እገዳውን አንድ ደረጃ ከፍ አደረገው። እስከዚያ ድረስ የታገደው ሰው ራሱ እንዳይናገር ይከለከል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሌላው ሰው የታገደውን ሰው ቃል ማተምና መጥቀስ ወንጀል ሆነ። በ1946 ዓ. ም. የማንዴላን ንግግር ያነበበላቸው ሰው ይህ ሕግ በወጣ ጊዜ ቢሆን ኖሮ፣ ራሱ በደለኛ በሆነ ነበር። የኖቤልን የሰላም ሽልማት የተቀበሉት አልበርት ሉቱሊ እንኳ በገዛ አገራቸው ጋዜጣ ቃላቸው የማይጠቀስ ሆነ።

የስድስት ወሩ ትምህርት አልተፈጸመም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ አገርዎ ይመለሱ የሚል መልእክት ከማኅበራቸው መጣ። ኮሎኔል ታደሰ ሽጉጥና ሁለት መቶ ጥይት በስጦታ ሰጥተው ሸኟቸው። ማንዴላ አገራቸው ገብተው ብዙ ሳይቆዩ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ. ም. ተያዙ።

፭፤ ችሎቱ የመናገሪያ ስፍራ ሲሆን

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለዚህ ጥናት ዋነኛው ነው። በአደባባይ፣ በጋዜጣና በስብሰባ አፋቸው የተዘጋ ሰው፣ ሊናገሩ የሚችሉበት አንድ ስፍራ ብቻ ቀረላቸው፤ እሱም የከሰሳቸው መንግሥት ያቆመው ችሎት ነበር።

የመጀመሪያው ክስ በጥቅምት 1955 ዓ. ም. በፕሪቶሪያ ተሰማ። ማንዴላ የአባቶቻቸውን የቆዳ ካባ ለብሰው ቀረቡ። ጠበቃ ሳያቆሙ ራሳቸው ተከራከሩ። ሕጉን ባወጣው ምክር ቤት ወኪል የሌለው ጥቁር ሰው፣ ከሳሹም ዳኛውም ነጭ በሆነበት ችሎት ትክክለኛ ፍርድ ሊያገኝ እንደማይችል ገልጠው፣ ዳኛው ከችሎቱ እንዲነሡ ጠየቁ፤ ጥያቄው አልተፈቀደም። በመጨረሻም ቅጣት ከመወሰኑ በፊት በሰጡት ቃል ስለ እገዳው ተናገሩ፤ አሳባቸውም ሕጉ ወንጀለኛ ያደረጋቸው ባደረጉት ነገር ሳይሆን ባሰቡት ነገር ነው የሚል ነበር። ጥቅምት 28 ቀን የአምስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

ሁለተኛው የሪቮኒያ ክስ የተባለው ነው። ከተያዙት ሰነዶች መካከል ማንዴላ ስለ አፍሪቃ ጉዟቸው በእጃቸው የጻፉት ማስታወሻ ስለ ነበረ፣ የአዲስ አበባው ጉዞ በማስረጃነት ወደ ችሎቱ ገባ። ሚያዝያ 12 ቀን 1956 ዓ. ም. ማንዴላ ምስክር ሆነው ለመጠየቅ ሳይቆሙ፣ ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ሆነው ቃላቸውን ማንበብ መረጡ። እንዲህ ያለው ቃል ያለ መሐላ የሚሰጥ ስለ ሆነ በማስረጃነቱ ዋጋው ያነሰ ነው፤ ዐቃቤ ሕጉ ግን ሊያቋርጠው አይችልም። ማንዴላ የማስረጃውን ጥቅም ትተው ሳይቋረጡ መናገርን መረጡ። ለሰዓታት ሲያነቡም የጦር ትምህርት መማራቸውንና በአዲስ አበባው ጉባኤ መገኘታቸውን አልካዱም። በማግስቱ ራንድ ዴይሊ ሜይል የተባለው ጋዜጣ ንግግሩን ከሞላ ጎደል ቃል በቃል አተመው፤ ቃላቸው በሕግ የታገደ ቢሆንም በችሎት የተነገረ ነበርና።

ሰኔ 5 ቀን 1956 ዓ. ም. ማንዴላና ሌሎች ሰባት ተከሳሾች የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ስለዚህ ችሎቱ አዳናቸው አይባልም። ፍርዱ ከባድ ነበር፤ ሕጉም ራሱ ፍትሕ የጎደለው ነበር። ነገር ግን ሰምቶ የሚፈርድ ችሎት፣ ምንም ክፉ ሕግ ቢያስፈጽም፣ አንድ ነገር ለማስቀረት አይችልም፤ ይኸውም የተከሳሹን ቃል መመዝገብ ነው። የክርክሩ ድምፅ በዲክታቤልት ተቀርጾ ኖሯል፤ መዝገቡም በ1999 ዓ. ም. ገደማ በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ ዝርዝር ገብቷል። ሚኒስትሩ ለሃያ ሰባት ዓመት እንዳይጠቀስ ያደረገው ቃል፣ ከራሱ መንግሥት ችሎት መዝገብ ውስጥ ሊፋቅ አልቻለም። ማንዴላ የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ. ም. ከእስር ሲወጡ ሕዝቡ ያስታውሰው የነበረው ያንኑ የችሎት ቃል ነበር።

፮፤ የአስተናጋጁ ዕጣ

ይህን ታሪክ ለኢትዮጵያ አንባቢ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የሚያደርገው የአስተማሪው ፍጻሜ ነው። በ1948 ዓ. ም. የተሻሻለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የንግግርና የጋዜጣ ነጻነትን በሕግ መሠረት ያረጋግጥ ነበር። የ1952 ዓ. ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 14 ማንኛውም ሰው ለማሰብና አሳቡን ለመግለጽ ነጻ መሆኑን፣ ገደቡም የሌላው ሰው መብት፣ መልካም ጠባይና ሕግ ብቻ መሆኑን ደንግጓል። በሥራ ላይ ግን ጋዜጣና መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት በመንግሥት መርማሪ እጅ ያልፍ ነበር።

በኋላ ብርጋዴር ጄኔራል የሆኑት ታደሰ ብሩ፣ በ1955 ዓ. ም. በተመሠረተው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ውስጥ ገብተው ስለ ትምህርትና ስለ እኩልነት በየስብሰባው መናገር ጀመሩ። በ1959 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ቦምብ ከፈነዳ በኋላ የማኅበሩ መሪዎች ተያዙ፤ ማኅበሩም ታገደ። ጄኔራሉ ተከሰው የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው፤ ፍርዱም ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ በ1967 ዓ. ም. መጋቢት ወር በደርግ ተገደሉ። ኦላና ዞጋ የዚህን ማኅበር ታሪክ የጻፉበት መጽሐፍ ርእሱ «ግዝትና ግዞት» መባሉ ከላይ ከተነገረው ልማድ ጋር ይገናኛል። ግዝት ፍትሐት ሲያጣ ግዞት ይሆናል።

የሁለቱ ሰዎች ሁናቴ አንድ ነው ማለት አይቻልም፤ ክሱም፣ አገሩም፣ ሕጉም ይለያያል። ይሁን እንጂ በአንድ የኮልፌ ግቢ ውስጥ አስተማሪና ተማሪ ሆነው የተገናኙት ሁለቱም፣ በየአገራቸው ማኅበራቸው ታግዶ፣ ራሳቸውም ተከሰው በችሎት ቆሙ። እንግዳው የተናገሩት ቃል በዓለም ሁሉ ይነበባል። የአስተናጋጁን ቃል ግን ጋዜጣ ያለ ምርመራ በማይታተምበት ዘመን ሊሰማው የቻለው ሰው ጥቂት ነበር። ልዩነቱን ያመጣው የሰዎቹ አንደበት ሳይሆን፣ የችሎቱ ቃል ወደ አደባባይ የሚወጣበት መንገድ መኖሩና አለመኖሩ ነው።

፯፤ ዳኛው ራሱ ሲያግድ

እስከዚህ የተነገረው ችሎት የተዘጋ አፍ የሚከፈትበት ስፍራ መሆኑን ነው። ታዲያ ዳኛው ራሱ አፍ ሲዘጋ ምን ይባላል? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ የዝምታ ትእዛዝ የሚሰጡ ዳኞች በጎ ምክንያት የሚያጡበት ጊዜ ጥቂት ነውና። የሕፃናት ስም እንዳይወጣ፣ ምስክር እንዳይፈራ፣ ገና ያልተረታ ሰው በወሬ እንዳይኰነን ማሰብ የፍርድ ክፍል ነው።

ነገሩ በብዙ አገር ከፍተኛ ችሎቶች ተመርምሯል። በአሜሪካ የኔብራስካ ዳኞች፣ ስድስት ሰው ገድሏል ተብሎ የተከሰሰ ሰው ሰጥቷል የተባለውን የእምነት ቃል ጋዜጦች እንዳያትሙ አግደው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ሰኔ 23 ቀን 1968 ዓ. ም. በሙሉ ድምፅ እገዳውን አፈረሰ፤ የተከሳሹን መብት ለመጠበቅ ሌሎች መንገዶች ሳይሞከሩ አስቀድሞ አፍ መዝጋት አይገባም ሲል። በኤውሮፓም ታሊዶማይድ ስለ ተባለው መድኃኒት ሰንደይ ታይምስ ሊያትመው የነበረውን ጽሑፍ የእንግሊዝ ዳኞች አግደውት ነበር፤ የኤውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ሚያዝያ 18 ቀን 1971 ዓ. ም. በ11 ድምፅ በ9 ላይ እገዳው መብትን የጣሰ ነው ብሎ ፈረደ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የደቡብ አፍሪቃ ውሳኔ ነው። በግንቦት 1999 ዓ. ም. የዚያ አገር ጠቅላይ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ዐቃቤ ሕግ አስቀድሞ ካላየው እንዳይተላለፍ ተብሎ የታገደውን የቴሌቪዥን ፊልም እገዳ አነሣ። በውሳኔውም መሠረት፣ ንግግርን አስቀድሞ ማገድ የሚቻለው በፍርድ ሥራ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በማስረጃ የሚታይና ከባድ ሲሆን፣ እንደሚደርስም እውነተኛ ሥጋት ሲኖር ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን የእገዳው ጥቅም ከጉዳቱ ጋር መመዘን አለበት። የንግዌቬላ ፍርድ በዐዋጅ ከተሻረ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ፣ መመዘንና መስማት ወደዚያ አገር ችሎት ተመለሱ።

በኢትዮጵያም ሕጉ ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን ይዟል። የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 10፣ በሰብአዊ መብቱ ላይ በደል የደረሰበት ሰው በደሉ እንዲቆምለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ይህ «በሕግ አምላክ» የሚለው ጥንታዊ ቃል በአዲስ ልብስ ነው። የ1958 ዓ. ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ዳኛ ጊዜያዊ እግድ የሚሰጥበትን መንገድ አበጅቷል። ችሎትን መድፈርም በ1996 ዓ. ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 449 ያስቀጣል። በሌላው ወገን፣ በ1985 ዓ. ም. የወጣው የፕሬስ ዐዋጅ የቅድሚያ ምርመራን ሻረ፤ የ1987 ዓ. ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ማንኛውንም ዓይነት ቅድመ ምርመራ ከለከለ፣ ገደብም በአሳቡ ይዘት ወይም ሊያስከትል በሚችለው ውጤት ምክንያት እንዳይሆን ደነገገ። በአንቀጽ 20 ደግሞ ችሎት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን አዘዘ፤ ዝግ የሚሆነውም የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን የሞራል ሁናቴና የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል ብቻ ነው።

፰፤ መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍሬ፣ አንድ የዝምታ ትእዛዝ በቀረበ ጊዜ ሊጠየቁ የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች መኖራቸው ነው። አንደኛ፣ ያገደው ማን ነው? በክርክሩ ጥቅም የሌለው ዳኛ ነው ወይስ በተናጋሪው ቃል የሚነካ ሹም? ሁለተኛ፣ የታገደው ሰው ተሰምቷልን? አስቀድሞ ባይሰማም፣ ቀርቦ የሚናገርበት ቀን ተቈርጦለታልን? ሦስተኛ፣ እገዳው የሚያበቃው መቼ ነው? ክርክሩ ሲያልቅ ነው ወይስ ያገደው ሲወድ?

የደቡብ አፍሪቃው የሚኒስትር እገዳ በሦስቱም ወደቀ። ያገደው ባለጉዳዩ ራሱ ነበር፤ የታገደው አልተሰማም፤ ዘመኑም እየታደሰ የሚቀጥል ነበር። «በሕግ አምላክ» ግን ከተራ ሰው አፍ የወጣ ቃል ሆኖ ሳለ ሦስቱንም ያሟላል፤ ነገሩን ለሦስተኛ ወገን ያስረክባል፣ ሁለቱንም ያናግራል፣ ዳኛ ፊት ሲደርስም ያበቃል። ዳኛ የሚሰጠው የዝምታ ትእዛዝ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይገኛል። ዳኛ ስለ ሰጠው ብቻ ትክክል አይሆንም። ሳይሰማ የታዘዘ፣ ወሰንና ቀን የሌለው፣ የሚያሳፍረውን ነገር ለመሸፈን የተሰጠ እገዳ በዳኛ ማኅተም ቢወጣም የሹም እገዳ ነው። ሰምቶ፣ መዝኖ፣ ለጊዜው ብቻ የታዘዘው ግን፣ የታገደውን ቢያሳዝነውም፣ በፍርድ እንደ ሄደችው በቅሎ ነው።

በ1954 ዓ. ም. ክረምት በኮልፌ ተኩስ ይማሩ የነበሩት እንግዳ መሣሪያ ያነሡት የመናገሪያ በር ሁሉ ከተዘጋባቸው በኋላ እንደ ሆነ በችሎቱ ፊት ራሳቸው አስረድተዋል። ይህም አፍ በመዝጋት ጸጥታ የሚገኝ ለሚመስላቸው ሁሉ ታሪክ የሰጠው መልስ ነው። ሳይሰማ የታገደ ቃል አይጠፋም፤ የሚሰማው ሲያጣ ሌላ መውጫ ይፈልጋል።